ጀግናው በጎኑ ሲታይ

የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእሰ ጉዳይ የልጅነት የሥዕል ጀግና ወደ ፊልም ሲሻገር በተመልካቹ ላይ ስለሚያሳድረው ስሜት ነው። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ሲቀርብልኝ ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም ብዬ አስቤ ነበር። አሜሪካዊው ልጅ ኮሚክ መጽሐፉን በሳንቲም ገዝቶ አልጋው ላይ ያነባል፤ ካደገ በኋላም ጀግናውን ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየዋል። ሱፐርማን በወረቀት የታተመው በ1938 እ.ኤ.አ. ሲሆን ትልቁ ፊልም የወጣው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ብላክ ፓንተር በ1966 እ.ኤ.አ. በወረቀት ተወልዶ በስሙ የተጠራውን ፊልም ያገኘው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ አንድ ትውልድ ያድጋል፤ ያረጃልም። ቅሬታውም ደስታውም የሚመነጨው ከዚህ የዘመን ርቀት ነው።

ጎንደር ላደግን ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነበር። እነዚያን ጀግኖች መጀመሪያ ያየናቸው በቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ ፊልሙን ቀድሞ ያየ ልጅ እየተረጎመልን ነው። ከወረቀት የመጡ መሆናቸውን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ «ፊልሙ መጽሐፌን አበላሸብኝ» የሚለው የውጭው ዓለም ሮሮ ለእኔ የሌላ ሰው ሐዘን ነበር።

ይህን እያሰብኩ ሳለ አንድ ደብተር ትዝ አለኝ። የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ደብተር ነው።

ያደግሁት ቁስቋም ነው። ለማታውቁት፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከተራራው ግርጌ ያሠሯት ደብርና ቤተ መንግሥት ናት። ስሟ የተወሰደው ቅድስት ቤተ ሰብ በስደት ሳሉ ካረፉባት የግብፅ ስፍራ ነው። ኅዳር 6 ቀን በዓሏ ሲከበር ከተማው ሁሉ ወደ እኛ ይወጣል። እኛ ልጆች በቀሩት ቀናት የምንጫወተው በፈረሰው የእቴጌይቱ ግንብ አጠገብ ነበር። ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጦ በ50 ሉክ ደብተር ላይ ይሥል ነበር። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ስድስት ቦታ ይከፍለዋል። በየክፍሉ አንድ ሥዕል፣ ከሥዕሉ በታች አንድ መስመር ጽሑፍ ያሰፍራል። የታሪኩ ባለቤት ካሳ ነበር፤ የቋራው ካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት።

አንድ ነገር ላስታውቅ። በዚህ ንግግር ውስጥ ስለ ደብተሩ ጀግና ስናገር «ካሳ» እና «እሱ» እላለሁ፤ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ስናገር ግን «አፄ ቴዎድሮስ» እና «እሳቸው» እላለሁ። ልዩነቱ የአክብሮት ብቻ አይደለም። አንደኛው የኔና የወንድሜ ነው፤ ሁለተኛው የታሪክ ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ሁለቱ አንድ መጋረጃ ላይ ሲገናኙ ምን ይሆናል የሚል ነው።

ኮሚክ የሚባል ነገር አይቶ የማያውቅ ልጅ ገጽን በአራት ማዕዘን ከፍሎ ታሪክን በቅደም ተከተል መሣልን ከየት ተማረ? ከግድግዳ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከጥንት ጀምሮ ተከታታይ ታሪክ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ገድል፣ ሕማማቱ፣ የእመቤታችን ተአምራት በየረድፉ ተከፍለው ይሣላሉ፤ ማንበብ የማይችል ምእመንም በዓይኑ ያነባቸዋል። የሳባ ንግሥትና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል ተከፍሎ በሸራ ላይ ሲሣል ኖሯል። ይህን ሸራ አንድ የኮሚክ ተመራማሪ ቢያየው ስሙን ለማውጣት አይቸገርም። ወንድም ጋሼ እሑድ እሑድ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይወስደኝ ነበር። ሰው ሁሉ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊት ቀና ብሎ ሲያይ እሱ ግድግዳው ላይ ያፈጣል። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ «ዓይናቸውን ቁጠር።»

ቆጠርኩ። ቅዱሳኑ ሁሉ ሁለት ዓይን አላቸው፤ ፊታቸው ሙሉ በሙሉ ወደ እኛ ነው። ክፉዎቹ፣ ገራፊዎቹና አጋንንቱ፣ በጎን የተሣሉ ናቸው፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ይህ የሥዕል ትምህርት ያላችሁ ሁሉ የምታውቁት የአገራችን ጥንታዊ ሥርዓት ነው። ጻድቅ ፊቱን ይሰጠናል፤ ኃጥእ ጎኑን። ሠዓሊው በአንድ መስመር ብቻ ማን ማን እንደሆነ ይነግረናል። ልጅም ቢሆን አይሳሳትም።

ወንድም ጋሼ ይህን ሥርዓት ወደ ደብተሩ አገባው። ካሳ በየገጹ ሁለት ዓይን ነበረው። ሲጋልብም፣ ሲዋጋም፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሮጥ እንኳ አንገቱን አዙሮ ፊቱን ወደ እኛ ይመልሳል። በጉር አምባ፣ በአይሻል፣ በደረስጌ የገጠሙት መኳንንት ሁሉ ባለ አንድ ዓይን ነበሩ። ስሜን ውስጥ በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫነበት ሥዕል ሁለት ገጽ ይይዛል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ መቅደላ ሲጎተት የሚያሳየው ሥዕል ከስድስት ክፍል ወደ ስድስት ክፍል ያልፋል፤ ገመዱ የክፍሎቹን መስመር እየጣሰ ይሄዳል። ዛሬ ሳስበው ያ የገመድ አሣሣል ትልቅ የጥበብ ሐሳብ ነበር።

አሁን ወደ ፊልም እንሂድ። ፊልም ለሥዕል ጀግና ሦስት ነገር ይሰጠዋል፤ በምትኩም ሦስት ነገር ይወስድበታል።

የመጀመሪያው ድምፅ ነው። የተሣለ ጀግና ድምፅ የለውም፤ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ያበድረዋል። ፊልም ሲመጣ አንድ ድምፅ ተመርጦ ሺው ሁሉ ይሰረዛል። ይህን በሚገባ ያሳየን የራሳችን ታሪክ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሺህ ኢትዮጵያዊ ጉዱ ካሳ የሚናገረው በወጋየሁ አንደበት ነው። ልብ ወለዱ በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት ወደ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲመጣ ተመልካቹ ተዋናዮቹን የመዘነው ከመጽሐፉ ጋር ብቻ አልነበረም፤ በጆሮው ካደረው ድምፅ ጋርም ነበር። እኔም አንዱ ነበርኩ። ሰብለ ወንጌልን ሳያት «እሷ አይደለችም» አልኩ። ታዲያ የኔዋ ሰብለ ምን ትመስላለች? ብጠየቅ መልስ የለኝም። በልጅነቴ ልቤ ውስጥ የሣልኳት መልክ አልነበራትም፤ የነበራት ድምፅና ጥላ ነው። ፊልም ያለ መልክ መኖር አይችልምና መልክ ሰጣት። ቅር ያለኝ የተሳሳተ መልክ ስለተሰጣት አይደለም፤ መልክ ስለተሰጣት ነው።

የውጭውም ዓለም ይህን ፈተና ያውቀዋል። የብላክ ፓንተር ፊልም ሠሪዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ነበረባቸው፦ በወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ሲናገር የኖረ አፍሪካዊ ንጉሥ በምን አፍ ይናገር? የደቡብ አፍሪካን የኮሳ ቋንቋ ለአገሩ ልሳን አደረጉለት፤ ዋናው ተዋናይ ቻድዊክ ቦስማንም እንግሊዝኛውን በአፍሪካዊ ቅላጼ ተናገረው። ያ ውሳኔ ጀግናውን ከወረቀቱ አራቀው፤ ከአህጉሩ ግን አቀረበው። አንዳንድ ጊዜ ለጀግና ታማኝ መሆን ከወረቀቱ መራቅን ይጠይቃል።

ሁለተኛው በሥዕሎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። በአንድ ክፍል ጀግናው ፈረስ ላይ ሊወጣ ነው፤ በሚቀጥለው ወንዙን ተሻግሯል። በመካከሉ የሆነውን የሚሠራው አንባቢው ነው። ፊልም በየሰከንዱ 24 ሥዕል ስለሚያሳይ ያን ቦታ ይሞላዋል። አንባቢ የነበረው ሰው ተመልካች ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋናው ካሜራው መዞሩ ነው። የግድግዳው ሠዓሊ ጀግናውን ከየት በኩል እንደምናየው ወስኖልናል፤ ሁልጊዜ ከፊት። ካሜራ ግን ይንቀሳቀሳል። ተዋናዩ ሰው ነውና ወደ ባልንጀራው ሲዞር፣ ውሃ ሲጠጣ፣ በመስኮት ሲያይ ጎኑ ይታያል። በፊልም ውስጥ ማንም ጻድቅ ሁለት ዓይኑን እንደያዘ አይዘልቅም።

ይህን የተረዳሁት ካሳን በመጋረጃ ባየሁት ቀን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎች ለመመረቂያ የሠሩትን አጭር ፊልም እንዳይ ተጋበዝኩ። የአፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት የሚል ነበር። ወንድም ጋሼን ይዤው ሄድኩ። እሱ ዛሬ የማስታወቂያ ጽሑፍና የሱቅ በር ቀለም የሚቀባ ሰው ነው፤ ካሳን መሣል ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው። አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ተዋናዩ ሹሩባውን ተሠርቶ፣ ጋሻና ጦር ይዞ ብቅ ሲል በሁለታችን መካከል አንድ ዝምታ ወደቀ። ካሳ ነው፤ ካሳ አይደለም። ድምፁ ቀጠን ያለ ነው፤ ቁመቱም የደብተሩን ያህል አይደለም። ይህን ሁሉ ታገሥን።

ከዚያ የ1859 ዓ.ም. ጎንደር መጣ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላስታውሳችሁ። አፄ ቴዎድሮስ በመጨረሻ ዘመናቸው አገሩ ከእጃቸው እየወጣ ሄደ። በቤተ ክርስቲያን መሬት ጉዳይ ከካህናቱ ጋር ተካረሩ። ጎንደር ለሸፈቱባቸው ታደላለች የሚል ጥርጣሬም አደረባቸው። በ1859 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከተማዋን አስዘረፏት፤ አቃጠሏትም። ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተወሰዱት ብራናዎችና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደብረ ታቦር፣ በኋላም ወደ መቅደላ ተጫኑ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሲሞቱ የእንግሊዝ ጦር ያን ሀብት ዘረፈው። 350 ያህል ብራናዎች ዛሬ ለንደን ውስጥ በብሪታኒያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በዚያው ከተማ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አንድ የወርቅ ዘውድና አንድ የወርቅ ጽዋ አሉ። እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለቁስቋም ማርያም እንደሰጧቸው ይታመናል።

የኔ ቁስቋም ማለት ነው። እኛ የተጫወትንበት ግቢ።

እንግሊዞች መቅደላ ላይ እንደዘረፉን በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። የቁስቋም ንብረት መቅደላ እንዴት እንደደረሰ ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መልሱ የልጅነቴን ጀግና በጎኑ ያሳየኛልና።

በፊልሙ ውስጥ ተዋናዩ ከተማዋን ከኮረብታ ላይ ሆኖ ያያል። እሳቱ አይታይም፤ በጀት አልነበራቸውምና ድምፁ ብቻ ይሰማል። ካሜራው ቀስ ብሎ ይዞርና በስተቀኙ ይቆማል። አንድ ዓይን ብቻ ይታያል፤ የብርሃን ጭላንጭል የሚንቀሳቀስበት አንድ ዓይን። ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ይቆያል።

ተቆጣሁ። መጀመሪያ የተቆጣሁት በተማሪዎቹ ነው፤ ድፍረት መሰለኝ። ከዚያ ግን ከደብተሩ አንድ ገጽ ትዝ አለኝ። ሴባስቶፖል ከመጎተቱ በፊት ባለው ገጽ ላይ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ባዶ ነበር። መስመሩ ተሠምሯል፤ ሥዕልም ጽሑፍም የለበትም። በልጅነቴ «ወንድም ጋሼ፣ ይቺን ለምን ተውካት?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «እዚያ ላይ ጎንደር ትቃጠላለች፤ ፊቱን እንዴት አድርጌ እሥለዋለሁ?» ነበር ያለኝ። ያኔ የችሎታ ማነስ መስሎኝ ነበር። ለካ ችግሩ የሥርዓቱ ነው። በሁለት ዓይን ቢሥለው ውሸት ይሆናል፤ በአንድ ዓይን ቢሥለው ካሳን ያጣዋል። ሦስተኛ መንገድ የሥዕሉ ቋንቋ አልሰጠውም። ስለዚህ ክፍሉን ባዶ ተወው። ያ ባዶ ክፍል በደብተሩ ውስጥ ካሉት ሥዕሎች ሁሉ ሐቀኛው ነበር ብዬ ዛሬ አምናለሁ።

ፊልሙ አልቆ ወጣን። ወንድም ጋሼ እስከ ፒያሳ ድረስ ምንም አልተናገረም። የአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ጋ ስንደርስ «ፈረሱ የጋሪ ፈረስ ነው፤ አንገቱ ላይ የቀንበሩ ጠባሳ ይታያል» አለኝ። ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ «ያቺን ቦታ ሞሏት» አለ። «ከፋህ?» አልኩት። «አይ፤ ሳላያት ብሞት ነበር የሚከፋኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ አልተነጋገርንም።

ውድ ተማሪዎች፣ በተለይ ፊልም ልትሠሩ የምታስቡ፤ ከዚህ የማካፍላችሁ ሦስት ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ የጀግናን ፊልም በመልክ መመሳሰል ብቻ አትመዝኑ፤ በመልክማ ሁሌም ይወድቃል። ልትጠይቁት የሚገባው ሥዕሉ የዘለለውን ነገር ፊልሙ ምን አደረገበት የሚለውን ነው። ከዘለለው የሥዕሉን መብት ይዞ የሥዕሉን ይቅርታ ማግኘት አይችልም። ሥዕል አንድ ቅጽበትን ይመርጣልና መዝለል ተፈጥሮው ነው። ሁሉን አሳያለሁ የሚለው ፊልም ሲዘልል ግን መደበቅ ይሆንበታል።

ሁለተኛ፣ የዚህን ተቃራኒም ተጠንቀቁ። ዛሬ ዛሬ ጀግናን በአንድ ዓይን ብቻ ማሳየት የጉብዝና ምልክት የሚመስለን አለን። የጎንደርን መቃጠል አሳይቶ፣ አገር አንድ ትሁን ብሎ የተነሳውን፣ ባሩድና መድፍ በአገሬ ይሠራ ያለውን ሰው የሚደብቅ ፊልምም እንዲሁ ግማሽ ፊት ነው። የካሜራው ጸጋ መዞሩ ነው፤ በአንድ ጎን ከቆመ ከግድግዳው ሠዓሊ በምን ተሻለ? ሠዓሊው ቢያንስ ሥርዓቱን አልደበቀንም።

ሦስተኛ፣ የባለቤትነት ነገር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አንድን ሥራ ወደ ሌላ ዓይነት የመለወጥን መብት ለደራሲው ይሰጣል፤ ጥበቃውም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ነውና ጉዱ ካሳን ወደ መጋረጃ ማምጣት የሚሻ ሁሉ ገና ለብዙ ዓመታት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። አፄ ቴዎድሮስን ግን የሚጠብቅ የቅጅ መብት የለም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ ተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁንም፣ አቤ ጉበኛም ወደ ልብ ወለድ ያመጧቸው ማንንም ሳያስፈቅዱ ነው። ከሕግ ነጻ የሆነ ጀግና የሚጠበቀው በሠሪው ኅሊናና በተመልካቹ ንቃት ብቻ ነው። ስለዚህም ኃላፊነቱ ይበልጥ ይከብዳል።

ለመደምደም፤ በመግቢያዬ ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም ብዬ እንዳሰብኩ ነግሬአችኋለሁ። ያ ሐሳብ ስሕተት ነበር፤ ከእንግዲህ ደግሞ የባሰ ስሕተት ይሆናል። በ2018 እ.ኤ.አ. ኤታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። ዛሬ ያን መጽሐፍ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚያነብ ልጅ አለ። ያ ልጅ አድጎ ጀምበርን በመጋረጃ ቢያየው፣ እኔ ያለፍኩበትን ያልፍበታል፤ «እሱ ነው፣ እሱ አይደለም» ይላል። ፊልሙን የምትሠሩት ምናልባት እናንተ ትሆናላችሁ።

የወንድሜ ደብተር ዛሬም አለ። ላሳያችሁ ይዤው ልመጣ ብለምነው አልፈቀደልኝም። ያቺ ክፍል ዛሬም ባዶ ናት። በእርሳስ ሊሞክራት እንዳሰበ ግን ባለፈው ሳምንት ነግሮኛል። ከየትኛው ወገን እንደሚሥለው አልጠየቅሁትም።